ጎማ ለኮረኮንች

መስከረም 18

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ጎረቤትሽ ነርሷስ? ያ የሚያፈሰው ጣሪያሽስ ተጠገነ? እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ደህና ነኝ፤ አንቺን አያሳጣኝ እንጂ ሌላው ሁሉ ይገፋል።

ይህን ደብዳቤ የያዘልሽ ሰው አንድ ቦርሳ ይሰጥሻል። ከፍተሽ ባዶ ስታገኚው እንዳትስቂብኝ፤ ስጦታው ራሱ ቦርሳው ነው። ከታች ሁለት ጎማ አለው፣ ከላይ ተመዝዞ የሚወጣ መያዣ አለው፣ ከኋላው ደግሞ ማንገቻ አለው። ሲሻሽ ትጎትቺዋለሽ፣ ሲሻሽ ታዝዪዋለሽ። ከዚፑ በቀር እያንዳንዷን ስፌት የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሐሳቡንም ለአሠሪዬ ያመጣሁለት እኔው ነኝ፤ ያመጣሁትም አንቺን እያሰብኩ ነው። ስንት ዘመን ሙሉ እንግዳ እየመራሽ ገመዱንም ድንኳኑንም በጀርባሽ አመላለስሽ። ይበቃል!

መቼም ያን መንገድ እንደ መዳፌ ነው የማውቀው። ከተራራው መግቢያ በር እስከ ላይኛው ማደሪያ ለስላሳ ነው፣ ጥላ አለው፣ ሽቅቡም ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ይህ ጎማ እዚያ ላይ እንደ ሳሎን ወለል ነው የሚንሸራተተው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። መንገዱ ላይ ስትጎትቺው ፎቶ ተነስተሽ ላኪልኝ። አሠሪዬ «ለተራራ ተጓዦች» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ሊሸጠው ነው፤ ያንቺን ፎቶ ደግሞ አሳድጎ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው። ካማረለት ከስፌት ማሽን አንስቶ ንድፍ ክፍል ሊያስገባኝ ቃል ገብቶልኛል። እስቲ አስቢው፣ እኔ ንድፍ ክፍል!

ሌላው፣ ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ የእጅ ጽሑፍሽ ተንጋዶብኛል። ፊደሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል። ምነው? ደህና ነሽ አይደል?

የእህትሽ ልጅ፣ ያንቺው ቁጫጭ


ጥቅምት 25

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለቁጫጭ፣

እንደምን ከርመሃል የኔ ጌታ? እድሜና ጤና ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያው ግን አሁንም እንዳለቀሰ ነው።

ቦርሳህ ደረሰኝ። ማኅበራችን ቢሮ ይዤው ስገባ የሆነውን ብነግርህ! መንገድ መሪዎቹ ሁሉ ከወንበራቸው ተነሱ። አንዱ «ፍየሏ፣ አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት ነው?» ይላል። ሌላው ሻንጣዬን ሊፈትሽ ይመጣል። ሊቀመንበራችን ደግሞ፣ ያ ሲስቅ ታይቶ የማይታወቀው ሰውዬ፣ ፓስፖርቴን እንዳልረሳ መከረኝ። ፍየሏ የሚሉኝ እኔን መሆኑን ታውቃለህ፤ አለት ስወጣ አይተው ነው ያወጡልኝ።

ቢስቁም ያንተ እጅ የሰፋው ነገር ነውና ሳልሞክረው አልቀረሁም። ገመዱን፣ የእርዳታ ሣጥኑን፣ ውሃውን፣ ሁለቱን ድንኳን አጭቄ እንግዶቼን አስከትዬ ወጣሁ። ከበሩ እስከ ድልድዩ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ንግሥት ነበርኩ። በሁለት ጣት ነው የጎተትኩት። ድልድዩን እንደተሻገርን ግን ጉዱ ፈላ። ጎማው ሁለት ድንጋይ መሃል ይገባና እኔ ስሄድ እሱ ይቀራል። ጠበቅ አድርጌ ስስበው ተስፈንጥሮ ተረከዜን ይለኛል። መንገዱ ወደ ጎን ሲያዘቀዝቅ አንዱ ጎማ ላይ፣ አንዱ ታች ይሆንና ግልብጥ! ባቃናው ግልብጥ! የዛፍ ሥር ካገኘማ እንደ በቅሎ ነው የሚገግመው። ድምፁ ደግሞ ኧረ ተወኝ፤ ከኋላዬ ያሉት እንግዶች ድንጋይ የተናደ መስሏቸው ተበታተኑ።

በኋላ ጭቃው መጣ። ጎማዎቹ ጭቃ ጎርሰው መዞር አቆሙ። ምን ላድርግ፣ በግራ ትከሻዬ ብቻ አንጠልጥዬው ሄድኩ። የጎማው ብረት ሽንጤን ሲነድለኝ ዋለ፣ ጭቃው ቂጤ ላይ ደረቀ። ይሸከምልኛል ያልኩትን ጎማ ተሸክሜው ገባሁ።

ፎቶ አልላክሁልህም፤ አልልክምም። አሠሪህ «ለተራራ ተጓዦች» ከሚለው «ለሆቴል ኮሪደር» ብሎ ይለጥፍበት። ስፌትህ ግን አንድም ቦታ አልተተረተረም፣ ይህን ንገርልኝ።

ጽሑፌ የተንጋደደው የጠረጴዛው እግር ስለሚወላገድ ነው። አታስብ።

አክስትህ


ኅዳር 12

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሰላምታዬ እንደወትሮው ነው፤ ሰላምሽን ያብዛልኝ። ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩትና ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ።

አልደብቅሽም፣ ቅር ብሎኛል። ስንት ጊዜ የደከምኩበትን ነገር በአንድ ቀን መንገድ ድራሹን አጠፋሽው። እዚህ እኮ የምኖርበትን ፎቅ ደረጃ ሽቅብና ቁልቁል ጎትቼዋለሁ! መናፈሻው ጠጠር ላይም ሞክሬዋለሁ። አያያዝሽ ይሆናል። መያዣውን ወደ ወገብሽ ዝቅ አድርጊ፣ ከባዱን ዕቃ ከታች ክተቺ፣ አትጎትቺው፣ ምሪው።

ደግሞስ የቱ ኮረኮንች ነው? ልጅ ሆኜ ክሊኒክ ስንሄድ ከአንቺ ጋር ስንት ጊዜ ወርጄበታለሁ፣ ስንት ጊዜ ወጥቼበታለሁ! ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። ቅጠሎቹ ከላይ ይንሿሿሉ፣ በመሃላቸው ሰማዩ ብልጭ ይላል፣ መንገዱ ቀስ እያለ እሹሩሩ እንደሚል ሰው ያወዛውዘኛል። አንድ ቀን እንኳ እንቅፋት መትቶኝ አያውቅም። ድንጋይ የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም። ወይ መንገዱ ተበላሽቷል፣ ወይ አንቺ አጋነንሽው።

ቢያንስ ፎቶውን እንዲህ እናድርገው። ከበሩ እስከ ድልድዩ ንግሥት ነበርኩ ብለሽ የለ? እዚያው ተነሺ። ከድልድዩ ወዲያ ምን እንዳለ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ማን ያያል? አሠሪዬ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል፣ እኔም በየሳምንቱ ፖስታ ቤቱን አማለሁ።

ደግሞ በግራ ትከሻዬ ብቻ ያልሽው ምንድን ነው? አንቺ እኮ በሁለቱም ጥብቅ አድርገሽ ነበር የምታነግቺው።

ቁጫጭ


ጥር 8

ይድረስ ለቁጫጭ፣

ደህና ነህ? መልሱ የዘገየው ፖስታ ቤቱ አጥፍቶ እንዳይመስልህ። ደብዳቤህን ባነሳሁ ቁጥር ደሜ እየፈላ፣ ብዕር ስይዝ የማይጻፍ ነገር እየመጣብኝ ነው። አሁን በርዶልኛል። በርዶልኝ እንኳ እንዲህ ነኝ።

እንቅፋት መትቶኝ አያውቅም ትላለህ። እንዴት አድርጎ ይምታህ! እግርህ መች መሬት ነካና! አንተ በዚያ መንገድ አንድ እርምጃ ሄደህ አታውቅም። ጉልበትህ መግል ይዞ፣ እናትህም ከሞተች ገና ወር ሳይሞላት፣ ቁስልህን ለማሳጠብ በየሳምንቱ ታች ክሊኒክ ያወረድኩህ፣ መልሼም ያወጣሁህ በጀርባዬ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ! ከዚያ ሲሻልህ አባትህ መጥቶ ከተማ ወሰደህ፣ በዚያው ቀረህ። ቅጠል አየሁ፣ ሰማይ አየሁ ትለኛለህ፤ እሰይ፣ እንኳን አየህ። እኔ ያየሁት ድንጋይ ነው። የትኛው እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛው ሲረጥብ እንደሚያንሸራትት፣ አንተን ይዤ የት እግሬን እንደማሳርፍ። መንገዱ አይደለም እሹሩሩ ያለህ። እኔ ነኝ!

ይኸው፣ ተነፈስኩ።

ፎቶውን በተመለከተ ሞቼ እገኛለሁ። የኔን ፊት አይቶ ያንን ቦርሳ የገዛ ሰው እዚያ ኮረኮንች ላይ ሲወድቅ ምን ልለው ነው? ከበሩ እስከ ድልድዩ ነው የማልኩት ልለው? የሰው አጥንት ነው እኮ።

ካነሳሁት አይቀር ሌላውንም ልንገርህ። ጠረጴዛው ምንም አልሆነም። የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እንግዳ እርጥብ አለት ላይ ስታመልጠኝ በቀኝ እጄ ያዝኳት፤ እሷ ተረፈች፣ የትከሻዬ ጅማት ተበጠሰ። ነርሷ ጎረቤቴ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ከእንግዲህ በትከሻሽ ዕቃ አታነግቺም፣ አለቀ ተባልኩ። ማኅበሩ ደግሞ አዲስ ደንብ አውጥቷል። ሙሉ ጓዙን ያለ ሰው እርዳታ ላይኛው ማደሪያ ማድረስ ያልቻለ መንገድ መሪ እንግዳ አይመራም። ፈተናው ሚያዝያ ላይ ነው። ላልቻለው ቲኬት መስኮት ላይ ወንበር ተዘጋጅቷል አሉ፣ ትራስ ያለው። ትራሱን ራሳቸው ይቀመጡበት! ሕመሜን እስካሁን የሚያውቁት ሐኪሙና ነርሷ ብቻ ናቸው፣ አሁን ደግሞ አንተ።

እንድታለቅስልኝ አይደለም የጻፍኩት። ሥራ ልሰጥህ ነው። ያንተን ቦርሳ እየተራገምኩ ሁልጊዜ አየዋለሁ፤ ጥፋቱ ጎማ መሆኑ አይደለም። ጥፋቱ ትንሽ መሆኑ ነው፣ ሁለት መሆኑ ነው፣ በእጅ መጎተቱ ነው። መንገዱ የአንድ ሰው ጫማ የሚያህል ነው፤ ሁለት ጎማ እርስ በርሱ ይጣላል። አንድ ይሁን። ድንጋዩን የሚሻገር ትልቅ ይሁን፣ የልጅ ብስክሌት ጎማ የሚያህል። ጭነቱ ዝቅ ይበል። መሳቢያው ከእጄ ሳይሆን ከወገቤ ይታሰር። ወገቤ ምንም አልሆነም።

ይህን ሥራልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አክስትህ


ጥር 30

አክስቴ፣

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልሽ ጠፋኝ። ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም። ሥራ ቦታ ስፌት ጠመመብኝ፣ አሠሪዬ ጮኸብኝ፣ ይጩህ። መንገዱ ለስላሳ ነው ማለቴን፣ አንቺም ያን ማንበብሽን ሳስበው መሬት ብትውጠኝ ይሻለኛል።

ግን ጎማውን አልሠራልሽም።

ተቆጪኝ። በተበጠሰ ትከሻ ያን አለት እንድትወጪ መሣሪያ ሠርቼ አልሰጥሽም። ዛሬ በእግሬ የምሄደው ያንቺ ጀርባ አድኖኝ ነው፤ ደግሞ ያንን ጀርባ ለሌላ ጓዝ ልዳርገው? በቃሽ። ወደኔ ነይ። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግን መስኮቷ ፀሐይ ያስገባል፣ ሌላ አልጋ ይገባል፣ ለክቼዋለሁ። እዚህ አትመጪም ካልሽ ደግሞ ቲኬቱን ሽጪ። መቀመጥ ምን ነውር አለው?

እንደማትሰሚኝ ስለማውቅ ለሊቀመንበራችሁ ጽፌለታለሁ። ትከሻሽ እንዴት እንደሆነ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ ነግሬዋለሁ። ለፈተና እንዳያወጣሽ ለምኜዋለሁ።

አውቃለሁ፣ ይህን ስታነቢ ትሰድቢኛለሽ። በሕይወት ኖረሽ ስደቢኝ።

ቁጫጭ


የካቲት 14

አንተ ልጅ፣

ሰላምታ አልጽፍም፤ ሰላም አይደለንም።

ሊቀመንበሩ ደብዳቤህን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው! «ምስኪን አክስቴ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ሁለቴ አነበባት፣ አልሰማንም ያሉ ስለነበሩ። እኔ እዚያው መሃላቸው ተቀምጫለሁ። ያ አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት ነው ሲለኝ የነበረው ሰውዬ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ወንበር ተለቀቀልኝ! ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቅስሜ ተሰብሮ አያውቅም፤ የሰበርከውም አንተ ነህ።

ግን ቁጭ ብዬ የቀረሁ እንዳይመስልህ። ተነሳሁ። የታመመው ትከሻዬ ነው፣ ምላሴ አይደለም አልኳቸው። ደንቡ ጓዙን ያለ ሰው እርዳታ ያድርስ ነው የሚለው፤ አደርሳለሁ፣ ስሜን ጻፉ አልኳቸው። ሊቀመንበሩ በምን ታደርሺዋለሽ አለኝ። አይመለከትህም አልኩት። ስሜን ጻፈ።

አሁን አንተን ልጠይቅህ። እኔን እንድትሸከም ማን ለመነህ? አንተን የተሸከምኩህ ልጅ ስለነበርክ፣ እግርህ ስለታመመ ነው። ደግሞ ተሸክሜህ ስሄድ ዓይንህን ሸፍኜ አልሄድኩም፤ የት እንደምንሄድ እነግርህ ነበር። አንተ ግን እኔን ሳትጠይቅ አንስተህ ወንበር ላይ ጎለትከኝ።

የቲኬት መስኮቱ ነውር የለውም። ለሚፈልገው ሰው። እኔ መንገዱን ነው የምፈልገው። እዚያ ላይ ስሆን ሰው ነኝ። ክፍልህንም መስኮትህንም ይባርክልህ፣ አልመጣም።

ወይ ጎማውን ላክ፣ ወይ ደብዳቤ አትላክ። የወገቤን ልክ እንዳትጠይቀኝ፣ ታውቀዋለህ። ዓመት ሙሉ በእግርህ ጠምጥመህ ይዘኸዋል።


መጋቢት 20

አክስቴ፣

ቁጣሽ ደርሶኛል። ልክ ነሽ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ካልኩ ማስተባበል ይሆንብኛል።

ጎማው ይኸውልሽ፣ ተፈታትቶ በሁለት ጥቅል መጥቷል። የልጅ ብስክሌት የፊት ጎማ ነው። ሁለቱ ረጃጅም ቱቦዎች ከወገብሽ ግራና ቀኝ ይታሰራሉ፤ ቦርሳው በመሃላቸው ከጎማው ፊት ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። ቀበቶውን ስሰፋ ልክሽን ማወቅ ሲያቅተኝ ወንበር ገልብጬ መደገፊያው ላይ ጨርቅ ጠመጠምኩና በእግሬ አቀፍኩት። ቀጭን ሲሆንብኝ ጨርቅ ጨመርኩ፣ ሲወፍርብኝ ቀነስኩ፣ በመጨረሻ መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ከወፈርሽ ማሰሪያው ይላላልሻል።

ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ድንጋይ የተከመረበት ቦታ አለ። በየቀኑ ከሥራ መልስ አሸዋ ጭኜ እዚያ ላይ ስጎትት የሰፈሩ ሰው አበደ ብሎኛል፤ ይበል፣ ግድ የለኝም። የመጀመሪያው ቱቦ ታጠፈ፣ ሁለተኛውን ቡሎኑ በላው፣ ሦስተኛው ቻለው። አሠሪዬ ደግሞ አንድ ቀን የረሳሁትን ቀበቶ ማሽኔ ላይ አገኘና ፎቶውስ አለኝ። ፎቶ የለም አልኩት። ቦርሳው ድንጋይ ላይ አይሠራም፣ «ለተራራ ተጓዦች» የሚለውን አንሳው አልኩት። ስንቱ ተሸጧል አለኝ። ስንቱ ይወድቃል አልኩት። ንድፍ ክፍሉ ቀረ፤ ዚፕ የሚቀየርበት ጥግ ወስዶ አስቀምጦኛል። ጽሑፉን ግን ለሰው እንዳላወራበት ፈርቶ ከአዲሶቹ ቦርሳዎች ላይ አነሳው።

አሁን እውነቱን ስሚ፣ ከዚህ በኋላ ያላየሁትን መንገድ አውቀዋለሁ አልልም። ጎማውን አጠንክረሽ አትንፊው፤ ትንሽ ላላ ሲል ድንጋዩን ያቅፈዋል። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ እንዳይገፋሽ ግራው ቱቦ ላይ የገጠምኩትን ፍሬን በግራ እጅሽ ያዢ። ጭቃ ሲበዛ ቆም ብለሽ ጥረጊው። ቁመቱ ከጉልበት በላይ በሆነ አለት ላይ አይሠራም። ምንም ብታደርጊ አይሠራም። እዚያ አውርደሽ፣ ፈትተሽ፣ ትንሽ ትንሹን ነው ማውጣት ያለብሽ።

እፈራልሻለሁ። ይህን መከልከል አትችዪም።

ቁጫጭ


ግንቦት 2

ይድረስ ለምወድህ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰንብተሃል የኔ ዓለም? እጅህን ቁርጥማት አይያዘው፣ ዓይንህን ክፉ አያሳየው፣ ያን አሠሪህን ልብ ይስጠው። ሰላምታዬ እንደተመለሰ ከዚህ ታያለህ።

ወጣሁ! ከነጓዜ ወጣሁ።

ከድልድዩ በላይ ያለውን ኮረኮንች ጎማው እየዘለለ ሳይሆን እየዋጠ ነው ያለፈው። ወገቤ ሳበ፣ ትከሻዬ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጠባቡ መንገድ ላይ ልክ እንደ ጥሩ ውሻ እግር እግሬን ነው የተከተለኝ። መጀመሪያ ሲስቁ የነበሩት አንድ በአንድ ሳቃቸውን ተዉ። ሽቅቡ ላይ እንዲያውም ሁለቱን ቀደምኳቸው፤ ዞር ብዬ አላየኋቸውም፣ ማየቱ ግን አምሮኝ ነበር።

አለቱ ጋ ስንደርስ እንዳልከው ሆነ። አይሠራም። ፈታሁት። ገመዱን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ በግራ እጄ እየተንጠላጠልኩ አወጣሁ፤ ወረድኩ። ድንኳኑን አወጣሁ፤ ወረድኩ። ውሃውን፣ ሣጥኑን፣ ቱቦውን፣ በመጨረሻ ጎማውን። መሃል ላይ እጄ ዝሎ አለቱን ታቅፌ ቆምኩ። አለቀስኩ፣ አልዋሽህም። ያ ወንበር የለቀቀልኝ ሰውዬ ከላይ ሆኖ እጁን ዘረጋልኝ። «እጅህን ሰብስብ! ብትነካኝ ደንቡ ይፈርሳል!» ብዬ ጮህኩበት። ሰበሰበ። ወጣሁ።

ማደሪያው ስደርስ ሌሎቹ በልተው ጋደም ብለው ነበር። ሊቀመንበሩ ጓዙን አንድ በአንድ አየና ሙሉ ነው አለ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አሁን መቻልሽን አስመስክረሻል፣ በክብር ቲኬቱ ጋ ብትቀመጪስ አለኝ። ለመቀመጥ ቢሆን ታች ነበር የምቀመጠው፣ እዚህ ምን አወጣኝ አልኩት። ፈረመ።

ዋናው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ከሳምንት በኋላ ሊቀመንበሩ ቤቴ መጣ፣ በጓሮ በር። ይቀመጥ ይሆን ብዬ ወንበር ባቀርብለት ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሲቀመጥ መነሳት አይችልም ለካ! ወገቡ ካለቀ ቆይቷል። እንግዳ ይዞ ሲወጣ ከመታጠፊያው ወዲያ ጓዙን ለሌላ ሰው ያሸክማል፣ ማደሪያው ሊታይ ሲል ይቀበላል። ያንን ደንብ ያወጣውም ማንም እሱን እንዳይጠረጥረው ነው። ለእኔም አንድ ቀበቶ ከነጎማው አስልኪልኝ፣ ግን በመሃላችን ይቅር አለኝ። አንጀቴን በላው፣ እውነት ነው። ግን ምን አልኩት መሰለህ? የኔን ሕመም በስብሰባ አንብበኸዋል፤ ያንተንም እዚያው አንብበው። ያኔ አስልክልሃለሁ። ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፣ ወጥቶ ሄደ። እኔም ከቃሌ አልተመለስኩም።

ባለፈው ሰኞ ስብሰባ ነበር። አጀንዳው ሁሉ አልቆ ሰዉ ሊነሳ ሲል ሊቀመንበሩ ቆዩ አለ። ቆመ። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። «ወገቤ ሞቷል» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጓዜን ሰው ነው የሚሸከምልኝ።» ይስቁበታል ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ። ከኋላ አንዱ ተነሳና ጉልበቴ አለ። ሌላው አንገቴን ማዞር አልችልም አለ። ያ አውሮፕላን ሲጠይቀኝ የነበረው የግራ እግሩ ጣቶች ደንዝዘዋል። ቁጫጭ፣ እኔ ብቻ የተሰበርኩ መስሎኝ ነበር እኮ! ለካ ሁላችንም እየተደባበቅን ነበር የምንወጣው።

ደንቡ አልተነካም። ጓዙን ያለ ሰው እርዳታ ማድረስ ነው፣ በጀርባም ሆነ በጎማ። አሁን ስድስት ቀበቶ ይፈልጋሉ። የእያንዳንዳቸውን ወገብ በሲባጎ ለክቼ ጫፉ ላይ ቋጥሬ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ረጅሙ የሊቀመንበሩ ነው። አሠሪህ ከፈለገ ይሥራው፤ ካልፈለገ አንተ ሥራው፣ ስምህንም ለጥፍበት። አለት ላይ አይሠራም ብለህም ጻፍበት።

ይቅርታ ብለህ እንዳትጽፍልኝ፣ ከጎማው ጋር ደርሶኛል። አንድ ነገር ብቻ ያዝልኝ። ከእንግዲህ ስለኔ ገላ ለሰው የሚጻፍ ነገር ካለ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ በግራ እጄም ቢሆን። መፍራትህን አልከለክልህም። እኔም እፈራለሁ።

ነገ ጠዋት እንግዶች ይዤ እወጣለሁ። ጎማው ትንሽ ተንፍሶብኛል፤ ሄጄ ልንፋው።

አክስትህ